ሃይኩን ከፍላሽ እንሞክረው፣ የደንበኛ ዲስክ ላይ ግን አንጫነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ካቆመ ወዲህ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው «ይሄንን ምን ላድርገው?» እያለ ወደ ጠጋኝ ይመጣል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና፣ ኢንቴል ከሆነ በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ብዙዎቹ ማሽኖች ከዚያ የቀደሙ ናቸው። ስለዚህ ወጣቶቹ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ፤ ከሚያነሷቸው ስሞች አንዱ ሃይኩ የተባለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሲስተም ነው።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለ ሃይኩ የሚባለው ነገር ወደ ሁለት ጫፍ ስለሄደ ነው። አንዱ «መጫወቻ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው የደንበኛን ዊንዶውስ አጥፍቶ ይጭንና «አዲስ ሲስተም አስገባሁልህ» ብሎ ያስረክባል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሃይኩ ገና በሙከራ ደረጃ ያለ የተሟላ የዴስክቶፕ ሲስተም ነው። መሞከር ይገባዋል፤ የሚሞከረው ግን ከፍላሽ ተነሥቶ፣ የላፕቶፑ ዲስክ ሳይነካ ነው።

ምንነቱን በአጭሩ እንናገር። ሃይኩ ሊኑክስ አይደለም። የራሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት)፣ የራሱ የመስኮት ሥርዓትና የራሱ የፋይል ሥርዓት አለው። መነሻው ቢኦኤስ የተባለው ሲስተም ነው፤ የቢኦኤስን ሠሪ ኩባንያ ንብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ፓልም የተባለው ኩባንያ ሲገዛው፣ የሲስተሙ ወዳጆች በዚያው ዓመት በክፍት ኮድ እንደገና ሊጽፉት ተነሡ። መጀመሪያ ኦፕንቢኦኤስ ብለውት ነበር፤ በ2004 ሃይኩ አሉት። የመጀመሪያው አልፋ (ጥሬ የሙከራ እትም) በ2009፣ የመጀመሪያው ቤታ (ከአልፋ የተሻለ የሙከራ እትም) በ2018፣ አምስተኛው ቤታ ደግሞ በመስከረም 2024 ወጣ። ዝቅተኛ ጥያቄው 384 ሜጋባይት ራምና 3 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። በምቾት ለመሥራት 2 ጊጋባይት ራምና 16 ጊጋባይት ማከማቻ ይመከራል፤ እኛ ግን ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው 4 ጊጋባይት ራም ቢኖረው እንላለን። ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት ሁለት ዓይነት ማስነሻ ፋይል አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ለተሠራ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚስማማው ባለ 64ቱ ነው።

ለሙከራው ሁለት ፍላሽ ያስፈልጋል። አንዱ 4 ጊጋባይት ቢሆን ይበቃል፣ ሁለተኛው 16 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይሁን። የመጀመሪያው ማስነሻ ነው፤ ሲስተሙ በቋሚነት የሚቀመጠው ሁለተኛው ላይ ነው። በአንድ ፍላሽ ብቻ የሞከረ ሰው «ፕሮግራም ልጭን ስል ቦታ የለም አለኝ» የሚለው ወዶ አይደለም። ማስነሻው ፋይል ሲጻፍ የራሱን መጠን ያህል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ቢጻፍ እንኳ የተረፈው ቦታ ለሃይኩ አይደርሰውም።

ፋይሉ ከአንድ ጊጋባይት ስለሚበልጥ አንድ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ያወርደውና እስከ ዓለም ከተማ በፍላሽ እየተገለበጠ ይሄዳል። ይህ ዳታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ጥቂት ባይት ከተበላሸ ሲስተሙ መሐል ላይ ይቆማል፣ ሰውም ጥፋቱን በላፕቶፑ ያላክካል። ስለዚህ በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ ከፋይሉ ጋር የሚወጣውን ሻ 256 የተባለ ማረጋገጫ አብሮ መገልበጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ የተጫነ ከሆነ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ተጭኖ «ሲአርሲ ሻ» ከሚለው ውስጥ ሻ 256 ሲመረጥ 64 ምልክት ያለው ጽሑፍ ይወጣል። ከድረ ገጹ ጋር አንድም ሳይዛነፍ መግጠም አለበት።

ፍላሹ ላይ ለመጻፍ ሩፈስ የተባለውን ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ ይጻፍ የሚል ጥያቄ ሲመጣለት ዲዲን ይምረጥ። በአይኤስኦ ከሄደ ሩፈስ ፋይሎቹን እየፈታ ፋት በተባለው የፋይል ሥርዓት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ይገለብጣቸዋል፤ ሃይኩ ያለበት ክፍል ግን በራሱ የፋይል ሥርዓት የተቀመጠ ስለሆነ አብሮ አይመጣም፣ ፍላሹም አይነሣም። ባሌና ኤቸር የተባለው ፕሮግራም ግን ጥያቄውን ሳያነሣ በትክክል ይጽፋል። ከተጻፈ በኋላ ዊንዶውስ ፍላሹን ማንበብ ስለማይችል «ፎርማት ላድርገው?» ይላል። አይሆንም ማለት ነው፤ ብዙ የተለፋበት ፍላሽ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ላፕቶፑን ከማጥፋት በፊት አንድ ነገር አለ፣ ይህን ማንም እንዳይዘልለው አጥብቀን እንለምናለን። ዊንዶውሱ ላይ ቢትሎከር ወይም የመሣሪያ ምስጠራ በርቶ እንደሆነ ይታይ። በርቶ ከሆነ ባለ 48 አኃዙ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ሃይኩ እንዲነሣ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት የግድ ነው፤ ያ ቅንብር ሲለወጥ ቢትሎከር ማሽኑ የተነካካ ይመስለውና በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፉን ይጠይቃል። ቁልፉ የሌለው ሰው የገዛ ፋይሎቹን ደጅ ይጠናል። እንደዚሁም ፋስት ስታርታፕ የተባለውን ማጥፋት ያሻል። እሱ እያለ ዊንዶውስ ሲዘጋ በሙሉ አይዘጋም፣ ዲስኩን በእንጥልጥል ይተወዋል። ከሃይኩ ሆነው የዊንዶውስን ክፍል ቢከፍቱ ዶክመንት ለመቅዳት ብቻ ይሁን፤ እዚያ ላይ አይጻፍ።

ከፍላሽ ለማስነሣት ዴልና ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ ነው። ኤሰር ላይም ኤፍ 12 ነው፣ ግን አስቀድሞ ባዮስ ውስጥ መፈቀድ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሃይኩ ሲነሣ ከአርማው ስር ሰባት ትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንድ በአንድ እየበሩ ይሄዳሉ። አቶም፣ ማጉያ መነጽር ያለበት ዲስክ፣ ካርድ፣ ማስነሻ ዲስክ፣ ቺፕ፣ ፎልደር፣ በመጨረሻም ሮኬት። እነዚህ ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። እያንዳንዱ አንድ ሥራ መጀመሩን ያሳያል፤ ሲስተሙ የቆመበት ሥዕል ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል። «አልሠራም» ከማለት «አራተኛው ላይ ቆመ» ማለት ለሚረዳ ሰው እጅግ ይበልጣል።

በላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆመው አራተኛው፣ የማስነሻ ዲስኩ ሥዕል ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እስከዚያ ድረስ ፍላሹን እያነበበ ሲስተሙን ያስገባው የላፕቶፑ ፈርምዌር (ባዮሱ) ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚያነበው የሃይኩ የራሱ የዩኤስቢ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያናግረው ፕሮግራም) ነው፤ ድራይቨሩ ከዚያ ማሽን የዩኤስቢ ቺፕ ጋር ካልተግባባ ከርነሉ ነቅቶ የመጣበትን ፍላሽ ያጣዋል። መፍትሔው በቅደም ተከተል ይኸው፦ ፍላሹን ከሰማያዊው ቀዳዳ ነቅሎ ወደ ጥቁሩ፣ ማለትም ወደ ዩኤስቢ 2 ማዞር፤ መሐል ላይ ማከፋፈያ ካለ አውጥቶ በቀጥታ መሰካት፤ ያም ካልሆነ ሌላ ፍላሽ መሞከር። ብዙው ችግር በመጀመሪያው ይፈታል።

ሮኬቱ በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና በማስነሣት ወደ ማስነሻው ሜኑ መግባት ያስፈልጋል። በቀድሞው ባዮስ የሚነሣ ማሽን ላይ አርማው ከመምጣቱ በፊት ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ነው፤ የቀድሞውን ባዮስ በተካው በዩኢኤፍአይ ከሆነ ስፔስን መላልሶ መምታት። በሜኑው ውስጥ ሴፍ ሞድ ኦፕሽንስ ከሚለው ስር ፌይልሴፍ የግራፊክስ ድራይቨር የሚለውን መርጦ መቀጠል ነው። በዚህ መንገድ የተነሣ ማሽን ይሠራል፣ የስክሪኑን ጥራት እንደልብ ለመቀያየር ግን አይመችም። ሦስተኛው ሥዕል ላይ የሚቆም ከሆነ በዚያው ሜኑ ኤሲፒአይን (የማሽኑን ኃይልና መሣሪያዎች ማስተዳደሪያ) አጥፍቶ መሞከር ያዋጣል፤ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የባዮሱ የኤሲፒአይ ሠንጠረዥ ስሕተት ያለበት መሆኑ የተለመደ ነው። አማራጮቹ አንድ በአንድ ይሞከሩ። ሁሉንም ባንዴ ምልክት ያደረገ ሰው ማሽኑ ቢነሣለት እንኳ የትኛው እንደፈታው አያውቅም።

ዴስክቶፑ ሲከፈት ቋንቋና ኪቦርድ አስመርጦ «ልሞክር» ወይስ «ልጫን» ብሎ ይጠይቃል። ልሞክር ማለት ነው። የመስኮቶቹ ርዕስ እንደ ፎልደር ጆሮ አጭር ቢጫ ትር ነው፤ የሥራ ዝርዝሩ በስተቀኝ ከላይ ጥግ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚያደናግረው አቋራጭ ቁልፉ ነው፦ ኮፒ በኮንትሮልና ሲ ሳይሆን በኦልትና ሲ ነው። የኪቦርድ ቅንብር ውስጥ ይህን እንደ ዊንዶውስ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ አንዱን መስኮት በሌላው ትር ላይ ቢጎትቱት ሁለቱ አንድ ላይ ይጣበቃሉ፤ የተለያዩ ፕሮግራሞች ቢሆኑም። ይህ በትንሽ ስክሪን ላይ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ምቾት ነው፣ ሌላው ሲስተም ሁሉ ቢኖረው እንወድ ነበር።

ቀጥሎ የሚፈተነው ዋይፋይ ነው። ሃይኩ አብዛኞቹን የዋይፋይ ድራይቨሮች ያመጣው ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ከተባሉት ነጻ ሲስተሞች ነው፤ ስለዚህ የኢንቴልና የአቴሮስ ካርድ ያላቸው የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ተስፋው ጥሩ ነው። ብሮድኮም ከሆነ ካርዱ እንዲሠራ የሚጫንበት ፈርምዌር በፈቃድ ጉዳይ አብሮ ስለማይመጣ በኋላ በኢንተርኔት ይወርዳል፤ ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ከዚህ ቋጠሮ የሚያወጣው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈያውን) ማብራት፤ ከአራተኛው ቤታ ጀምሮ ሃይኩ ይህን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያውቀዋል። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። መስመሩ ከተገኘ፣ በኋላ እንደምንለው ሲስተሙ ሁለተኛው ፍላሽ ላይ ሲቀመጥ፣ ሶፍትዌር አፕዴተርን ከፍቶ ማሻሻያውን ማውረድ፣ ከዚያ ሃይኩዴፖ ከተባለው የፕሮግራም መደብር ሊብሬኦፊስንና ፋልከን የተባለውን ብራውዘር መጫን ይቻላል። አብሮት የሚመጣው ዌብፖዚቲቭ ቀለል ላሉ ድረ ገጾች ይበቃል፣ ከባድ ገጽ ላይ ግን ይወድቃል። ማሻሻያው ሲስተሙን ካበላሸ በማስነሻው ሜኑ ውስጥ ከማሻሻያው በፊት የነበረውን ይዞታ መርጦ መነሣት ይቻላል፤ ይህ በጣም የሚያኮራ ሥራ ነው።

የማይሠራውንም እንናገር። ላፕቶፑን ማስተኛት አይቻልም፤ ክዳኑ ቢዘጋም ማሽኑ እንደበራ ይቆያል፣ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ይግላል። ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሥራ ሲያበቃ አጥፍቶ መሄድ ነው። በግራፊክስ ካርዱ የሚታገዝ የቪዲዮ አሠራር ስለሌለ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ያርፋል፤ ደከም ያለ ማሽን ላይ 1080 ቪዲዮ ይንገጫገጫል፣ 480 ደህና ይሄዳል። ብሉቱዝ ላይ አይተማመኑ። ድምፅ ከስፒከሩ ወጥቶ በጆሮ ማዳመጫው የማይወጣበት፣ ወይም በተገላቢጦሹ የሚሆንበት ማሽን አለ። ፕሪንተር ላይ ጊዜ ከማጥፋት ዶክመንቱን ፒዲኤፍ አድርጎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማተም ይሻላል። መብራት ሲቋረጥ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ድንገት ቢጠፋ የፋይል ሥርዓቱ ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ስላለው ዲስኩ ራሱን አስተካክሎ ይነሣል፤ ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍ ግን ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አንድ ነገር አለ። ሃይኩ የአንድ ሰው ሲስተም ነው። ሲበራ ስምና የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ማሽኑን ያበራ ሰው ሁሉን ማየትና ሁሉን ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ የተማሪ ውጤት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የታካሚ መዝገብ የሚያዝበት ማሽን ላይ ፈጽሞ አይገባም። ይህን ሳይናገር ለመሥሪያ ቤት የሚጭን ባለሙያ ትልቅ ጥፋት ያጠፋል።

ስለ አማርኛም ብዙ ሰው ይጠይቃል። ማንበብና መጻፍ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድና እያንዳንዱ ሆሄ ለብቻው የሚቆም ነው፤ እንደ ዓረብኛ ተያይዞ ቅርጹን አይለውጥም። ስለዚህ ለማንበብ የሚያስፈልገው ፎንት ብቻ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ከፍቶ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ከታየ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ነጻ ፎንት ማስገባት ነው። የሲስተሙ ፎልደር ስለማይጻፍበት ፎንቱ የሚቀመጠው ሆም ውስጥ፣ ኮንፊግ፣ ከዚያ ነንፓኬጅድ፣ ከዚያ ዳታ፣ ከዚያ ፎንትስ በሚለው ፎልደር ነው፤ ከሌለ ይፈጠራል። መጻፍ ግን ሌላ ነው። የኪቦርድ ሠንጠረዥ ለአንድ ቁልፍ አንድ ምልክት ነው የሚሰጠው፤ ከ200 በላይ ለሆኑት ሆሄያት ቁልፎቹ አይበቁም። እኛ የለመድነው ተነባቢውን መትቶ አናባቢውን ሲያስከትሉ ሆሄው የሚለወጥበትን አጻጻፍ ነው፤ ለዚያ ቁልፎቹን መሐል ላይ ተቀብሎ የሚያዋህድ የግብዓት ፕሮግራም ያስፈልጋል። እስከዚያው በብራውዘር ውስጥ በሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ ገጽ ጽፎ መገልበጥ ነው ያለው። ሥራው በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የቆመ ሰው ሃይኩን የዕለት ሲስተሙ አያድርግ።

ሙከራው ደስ ያለው ሰው ሁለተኛውን ፍላሽ ይሰካና ድራይቭሴትአፕ በተባለው ፕሮግራም ቢ በተባለው የሃይኩ የፋይል ሥርዓት ያዘጋጀው፤ ከዚያ ኢንስቶለሩን ከፍቶ ወደዚያው ይጫን። እዚህ ላይ ዲስኮቹን በስም ሳይሆን በመጠን መለየት ይበጃል፤ ወደ 16 ጊጋባይት የሚጠጋው ፍላሹ ነው፣ ወደ 320 ወይም 500 የሚጠጋው የዊንዶውሱ ነው። ኢኒሺያላይዝ የተባለው ትእዛዝ የተመረጠውን ክፍል ያጠፋል፣ መመለሻ የለውም። ማሽኑ በዩኢኤፍአይ የሚነሣ ከሆነ ሁለተኛው ፍላሽ ላይ ፋት የሆነ ትንሽ የኢኤፍአይ ክፍል መኖሩና የሃይኩ ማስነሻ ፋይል እዚያ ውስጥ መቀመጡ ይረጋገጥ፤ ያ ከሌለ ጭነቱ ያለ ስሕተት ቢያልቅም ፍላሹ አይነሣም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ለጠጋኞችና ለሻጮች የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ደንበኛው ፊት ከፍላሽ አስነሥቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ስክሪኑንና የሚፈልገውን ፕሮግራም ማሳየት፤ የዕለት ሥራ የሚሠራበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ሊኑክስ ሚንትን ወይም ዴቢያንን መምከር። እነሱ አማርኛ ይጽፋሉ፣ የይለፍ ቃል አላቸው፣ ይተኛሉ፣ ፕሪንተር ያውቃሉ።

ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ግን ሃይኩን በተለየ ዓይን ቢያዩት እንወዳለን። ሲስተሙ ትንሽ ነው፤ የኮዱ ፈቃድ በአመዛኙ ኤምአይቲ የሚባለው ስለሆነ ተማሪ አንብቦ፣ ለውጦ፣ እንደገና አጠናቅሮ የለወጠውን በዓይኑ ማየት ይችላል። የሲስተሙ ቃላት ትርጉም የሚሠራበት ለማንም ክፍት የሆነ መድረክ አለ። የአማርኛ ግብዓት ፕሮግራሙ ደግሞ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚያውቁ ጥቂት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ሊይዙት የሚችሉት ልክ ያለው ሥራ ነው፦ ኢንፑት ሰርቨር ለተባለው ክፍል የሚገጠም ተጨማሪ መጻፍ፣ የተነባቢና የአናባቢ ሠንጠረዡን ማስገባት፣ በጽሑፍ ማዘጋጃውና በሊብሬኦፊስ ላይ መፈተን። በሰሜን ሸዋ ይህን ለመጀመር የሚፈልግ መምህር ቢኖር መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ላፕቶፕና እነዚያ ሁለት ፍላሾች ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በኮምፒውተር ጥገናና ሥልጠና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ